ባሌ አውሬ ሆኖ የተወነበት ፊልም

ሽታው ከባሌ ቀድሞ ቤት ገባ። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር። አንድ የሞተ ነገር፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነገር በበሩ በኩል መጣና ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ቀና ስል ባሌ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የበሬ ቆዳ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሟል። ከጥቅሉ ጫፍ ቀላ ያለ ውሃ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ ዝንቡ ከቄራ ጀምሮ አጅቦ አምጥቶታል።

"ምንድን ነው የተሸከምከው?"

"ቆዳ ነው።"

"ቆዳ መሆኑንማ አየሁ። እኛ ቤት ምን ሊሠራ መጣ?"

"ትሰፊልናለሽ ብለን ነው" አለኝ፤ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

አፌን በእጄ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና ጠዋት የበላሁትን ጎደሬ በሙሉ ሙዙ ሥር አስመለስኩት።

ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን ካረገዝኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ማቅለሽለሹ ክፉኛ ይዞኝ ነበር። የሽንኩርት ቁሌት አልችልም፤ ሳሙና አልችልም፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፀጉሯን የተቀባችው ቅባት ከመዝሙሩ መሃል አስነስቶ ያስወጣኝ ነበር። የማይረብሸኝ አንድ ጠረን ቢኖር የባሌ ጠረን ነበር። አናጢ ነው፤ ከሥራ ሲመጣ አዲስ የተላገ ዋንዛ ይሸታል። ደረቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ነበር ሆዴ የሚረጋጋልኝ። እንግዲህ ያ ሰው ነው ቄራ የጣለውን ቆዳ ተሸክሞ የመጣው።

የነገሩ መነሻ ጓደኛው ነው። ጓደኛው የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። በዚያን ጊዜ ጂንካ ውስጥ እንደሱ ያለ ካሜራ የያዘ ሰው እምብዛም ስላልነበር፣ የአሪው ሰርግ፣ የጎፋው ሰርግ፣ የመምህራኑ ምርቃት፣ የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ሁሉ በሱ ዓይን ነበር የሚታየው። ቀጭን፣ ቶሎ የሚናደድ፣ ቶሎም የሚያዝን ሰው ነው። ከባሌ ጋር የተዋወቁት ባሌ ለአንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ሲሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ሁለቱ ከዚያ ቆርቆሮ ቤት አይጠፉም። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አውሬ ያለበትን ፊልም ነበር፤ ከባሕር የሚወጣ፣ ከተማ የሚያፈርስ፣ ሰው የሚውጥ። ቋንቋው አንዱም አይገባቸውም፤ አውሬው ግን ይገባቸዋል።

"እኛስ ምን ያንሰናል?" አለ ጓደኛው አንድ ቀን እኛ ቤት ቁጭ ብሎ። "ወንዝ አለን፤ ጫካ አለን፤ ጭቃማ የፈለግነውን ያህል። የጎደለን አውሬው ብቻ ነው።" ይህን ሲል ባሌን ከእግር እስከ ራሱ በዓይኑ ለካው። ባሌ ጎንበስ ሳይል በማንም ሰው በር የማይገባ ረጅም ሰው ነው።

ባሌ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም።

"እኔ እችላለሁ?" ብሎ ጠየቀ።

ባሌ ዝምተኛ ነው። ደንበኛ የሠራውን ወንበር አጣጥሎ ዋጋ ሲሰብርበት ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። መዝሙር ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። "እኔ እችላለሁ?" ሲል ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ጉጉት ነበረበት። ስለዚህ አልተቃወምኩም። ቆዳው እስኪመጣ ድረስ።

የፊልሙ ታሪክ አጭር ነው። ነሪ ወንዝ ውስጥ አውሬ ይኖራል። ውሃ ልትቀዳ የወረደች ቆንጆ ልጅ ይዞ ይሄዳል። እጮኛዋ ጦር ይዞ ይከተለዋል፤ አውሬውን ገድሎ ልጅቷን ያድናል። ልጅቷን የምትሠራው ፀጉር ቤት ያላት ወጣት ነበረች፤ እጮኛዋ ደግሞ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ጎረምሳ። ጓደኛው ለአውሬው ጨርቅ አልፈለገም። "ጨርቅ በካሜራ ጨርቅ ሆኖ ነው የሚታየው፤ እውነተኛ ቆዳ ግን እውነት ይመስላል" አለ። የለፋ ቆዳ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ቄራ ሄዶ ቢላ የበጣጠሰውንና ነጋዴ ያልወሰደውን ለምኖ ለባሌ አሸከመው።

እኔ አልሰፋም አልኩ። ባሌም አልተጨቃጨቀም። ቆዳውን ወደ ሥራ ቦታው ወሰደና በወስፌና በሲባጎ ራሱ መስፋት ጀመረ። አንድ ቀን ምሳውን ልሰጠው ሄድኩ። ሻሽ በሎሚ አርሼ አፍንጫዬ ላይ አስሬ ነበር። ገበታው ላይ የተዘረጋው ነገር እጅና እግር አውጥቷል። ፀጉሩ እዚህም እዚያም ተነቅሎ ገርጥቷል። ውስጡ ገና ስብ ይዟል፤ ስቡ በፀሐይ ቀልጦ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። የግራ እጁን ገልጬ ስመለከት ትሉ ይርመሰመሳል።

"ይሄን ነው ገላህ ላይ የምታደርገው?"

"ጨው እጨምርበታለሁ።"

"ጨው! በቁምህ ትበሰብሳለህ እኮ!"

"ትንሽ ቀን ነው" አለኝ። አውራ ጣቱን ወስፌ ወግቶት አብጧል፤ ጥፍሩ ሥር መግል ቋጥሯል። በዚያው እጁ እንጀራውን ሊቆርስ ሲል አየሁትና ምሳውን ነጠቅኩት። እጁን በሳሙና አጥቤ፣ ጣቱን አስሬ፣ እየደጋገመ ከሚተናነቀኝ ጋር እየታገልኩ አጎረስኩት። ከዚያ ቤት ሄጄ የአልጋ አንሶላዬን አወጣሁ። ሮዝ አበባ ያለበት፣ ለሰርጋችን የተሰጠን ነው። ቀድጄ ለዚያ ግም ቆዳ ገበር አደረግኩለት፤ ቢያንስ የባሌን ገላ እንዳይነካው። እየሰፋሁ ሦስት ጊዜ ወጥቼ አስመልሻለሁ። ሁለተኛው ላይ የሚወጣ ምግብ አልነበረም፤ አረንጓዴ ውሃ ብቻ።

ቀረጻው ሲጀመር የማላውቀው ዓይነት አስጸያፊ ነገር መጣ። ጓደኛው አውሬው ከውሃ ሲወጣ ዝልግልግ ማለት አለበት ብሎ በድስት ተልባ አስቀቅሎ ቀይ ሥር ጨመረበት። ተልባው ቆዳው ላይ ሲፈስ ከስቡ ጋር ተቀላቅሎ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ በማግስቱ ሌላ ይፈስበታል። ባሌ ማታ ማታ ነሪ ወርዶ በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ ልጣጭ እየፈተገ ይታጠባል። ገላው ቀላ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ቅንድቡ ውስጥ ገብቷል፤ ጆሮው ውስጥ ገብቷል። ቤት ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ገባ ልበል?" ይለኛል፤ እኔ አንድ ጊዜ አሸትተውና እጄን አወናጭፋለሁ። ሳያጉረመርም ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ይተኛል።

ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሸሸው። እሱ የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ሌላ ማንም አይቀመጥም። አንድ ሽማግሌ በጣም ተቸግረው ወደሱ መጡና ጆሮው አጠገብ፣ ሳይጠጉት ግን፣ "ልጄ፣ ዛሬ በረንዳው ላይ ሆነህ ብትሰማስ? ነፋሱም ደህና ነው" አሉት። "እሺ አባቴ" ብሎ ወጣ። እኔ ውስጥ ቀረሁ። በመስኮቱ ሳየው አንገቱን ደፍቶ መዝሙሩን ከውጭ ይከታተላል። አፈርኩም፣ አሳዘነኝም፤ ቢሆንም እንዲገባ አልፈለግኩም።

ከሁሉ የባሰው ካኮ ገበያ የሄድንበት ቀን ነበር። ጓደኛው አውሬው ገበያ ውስጥ ሲገባ ሕዝቡ ሲበረግግ መቅረጽ ፈለገ። በጂንካ ገበያ ቢያደርገው ሁሉም ባሌን ስለሚያውቅ እንደማይሸሽ ገመተ። "ካኮ እንሂድ" አለ፤ "እዚያ ማንም አያውቀውም፤ በእውነት ነው የሚደነግጡት።" እኔን የወሰዱኝ የአውሬው ጅራት እየተነቀለ ስላስቸገረ ቦታው ላይ የሚሰፋ ሰው ስለፈለጉ ነው። በዚያ ላይ ማቅለሽለሹ ትንሽ ጋብ ብሎልኝ ነበር። እንግዲህ እንዲያ መስሎኝ ነበር።

የሄድነው በእህል መኪና ነው። ቆዳው ጭነቱ ላይ ተቀመጠ። ገና ከከተማው ሳንወጣ እላይ የተሳፈሩት ሰዎች ጋቢናውን መደብደብ ጀመሩ። ረዳቱ ወጥቶ አየና፣ "ይሄ የሞተ ነገር ይውረድ ወይ እኛ እንውረድ እያሉ ነው" አለ። ጓደኛው ለምኖ ለምኖ ቆዳው ከመኪናው ኋላ በገመድ ተንጠልጥሎ እንዲሄድ ተስማሙ። እስከ ካኮ ድረስ አቧራ ሲቅም መጣ። ተልባው ላይ አቧራው ተጋግሮ ስናወርደው የበሰበሰ ዳቦ ይመስል ነበር። ባሌ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ለበሰው። የአውሬውን ጭንቅላት ከላይ ደፋሁለት፤ በአፉ ውስጥ የባሌ ዓይኖች ብቻ ይታዩኝ ነበር።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። አንቺ ራቅ በይ፣ ይሸትሻል" አለኝ ከውስጥ።

ገበያው ሞቅ ብሏል። ሴቶቹ ማሽላቸውን፣ ማራቸውን፣ በቅል የያዙትን ቅቤ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ በየትንሿ በርጩማቸው ላይ ጥላ ሥር ይጫወታሉ። ጓደኛው ካሜራውን ዛፍ አስደግፎ፣ "ግባ!" ብሎ ጮኸ። ባሌ እጁን ዘርግቶ እያገሳ ገባ። ማገሳቱ ሳል ነበር የሚመስለው።

ማንም አልሸሸም። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ፤ የቅቤውን ቅል በቅጠል ከደኑ። አንዲት አሮጊት ብቻ ተነስተው ወደሱ መጡ። ከላይ እስከ ታች አይተውት በበና ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገሩ። ጓደኛው ደስ ብሎት ቋንቋውን ወደሚያውቀው የመኪናው ረዳት ዞረ።

"ምን አሉ? ፈሩ?"

ረዳቱ ሳቁን መያዝ አቅቶታል። "አይ፣ እማማ ምን አሉ፣ ይሄ ከብት ከሞተ ቆይቷል፤ ባለቤቱ የታለ? ለምን አይቀበርም? ገበያችን ይቆሽሻል አሉ።"

ያን ጊዜ ነው ውሾቹ የመጡት። መጀመሪያ አንድ ቡኒ ውሻ ከሥጋ መሸጫው በኩል መጥቶ ጅራቱን አሸተተ። ቀጥሎ ሁለት፤ ከዚያ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ የካኮ ውሻ ሁሉ መጣ። ቡኒው ጅራቱን ነከሰ። ባሌ ጅራቱን ሲያስለቅቅ ሌላው እግሩን ያዘ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየተመለከተው አውሬው መሮጥ ጀመረ። በማሽላው መሃል፣ በቅሎቹ መሃል፣ ሴቶቹ እየተንጫጩ፣ ውሾቹ ከኋላው።

"ወደ ካሜራው! ወደ ካሜራው ዞረህ ሩጥ!" ይላል ጓደኛው።

"ልብሱን አውልቀው!" እላለሁ እኔ። እንዴት ያውልቀው? ከጀርባው የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ጅራቱ ተበጥሶ ቀረ። ባሌ ዛፍ ላይ ወጣ። ውሾቹ ሥሩ ተሰብስበው ይጮሃሉ። እሱም ቅርንጫፉን ታቅፎ ወደ ታች አየና ጮኸ። ከገበያው ዳር እስከ ዳር የተሰማ፣ ከሆድ የወጣ ጩኸት ነው። ውሾቹ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ሦስት ዓመት ስኖር እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ደግሞም ጮኸ፤ ደግሞም። ከዚያ ነፋሱ ወደኔ ዞረና ሽታው በአንድ ጊዜ ሲመታኝ የማሽላ ጆንያ ተደግፌ አንጀቴ እስኪገለበጥ አስመለስኩ። አሮጊቷ መጥተው ጀርባዬን ደገፉኝ፤ ሆዴን በእጃቸው ዳሰሱና ወደ ዛፉ እያመለከቱ አንድ ነገር ተናገሩ። ረዳቱ አልነበረምና ምን እንዳሉኝ እስከዛሬ አላውቅም።

የመጨረሻው ቀረጻ ነሪ ዳር ነበር፤ የአውሬው ሞት። ጓደኛው ሆድ ዕቃው ሲዘረገፍ መታየት አለበት ብሎ ከቄራ እውነተኛ የበሬ አንጀት አምጥቶ በአንሶላዬና በቆዳው መሃል አስገባ። ይህን ስሰማ አልሄድም አልኩ፤ አልሄድኩምም። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ባሌ ቆዳውን ወስዶ ቀበረው፤ ጅብ ቆፍሮ አወጣው፤ እንደገና ከላይ ድንጋይ ጭኖ ቀበረው። ሽታው ከገላው እስኪለቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። የእንጨት ሽታው ተመልሶ የመጣ ዕለት አንገቱ ሥር ተሸጉጬ አለቀስኩ።

ፊልሙ የታየው ሆዴ በደንብ ገፍቶ ነው። ጓደኛው ከአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮጀክተር ተውሶ፣ አዳራሽ ለምኖ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ከሰዓት በኋላ ከተማውን ጠራ። ፊልሙ የሚታይበት መጋረጃ እኔ የቀጠልኩት ሁለት ነጭ አንሶላ ነው። ጓደኛው ኮት ለብሷል። ከመጀመሩ በፊት ወጣና፣ "ልባችሁ ደካማ የሆነ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ ብትወጡ ይሻላል" አለ። ሰዉ ወደኔ ዞረ። አልወጣሁም።

ነሪ ታየ። ከኋላ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ለካሜራው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከየት እንደሆነ እንጃ የመዘምራን ልምምድ ይሰማል። ውሃው ተናወጠና አውሬው ብቅ አለ። ተልባው ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ዓይኖቹ ካሉበት አፍ ዝንብ ይገባል፣ ይወጣል። እጁን ሲያነሳ ብብቱ ሥር የአንሶላዬ ሮዝ አበባ ለጂንካ ሕዝብ ፍንትው ብሎ ታየ። ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሌላው። ልጅቷን ሲያቅፋት አፍንጫዋን ይዛ ፊቷን አዞረች፤ እንድትጮህ ነበር የሚጠበቀው፤ እሷ ግን "በጌታ ስም፣ ቶሎ በል!" ስትል ድምፁ ተቀድቷል። አዳራሹ ተናጋ።

ባሌ አጠገቤ ነበር። በየሳቁ ትከሻው ዝቅ ይላል። ጓደኛው መጋረጃው ጎን ቆሞ፣ "ዝም በሉ! የሚያስፈራው ገና ነው!" ብሎ ሲጮህ ይባስ ሳቁ። ጓደኛው በሩን በርግዶ ወጣ።

እዚያ አንሶላ ላይ ምንም አይሸትም፤ ለኔ ግን እያንዳንዱ ነገር ሸተተኝ። ስቡ፣ ትሉ፣ የደረቀው ተልባ። መሀረቤን አፌ ላይ ያዝኩ። ያኔ ካኮ መጣ። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ፤ አሮጊቷ መጡ፤ ቡኒው ውሻ ጅራቱን አሸተተ። ከመሀረቤ ሥር አንድ ነገር ሲያፍነኝ ማስመለስ መሰለኝ። ሳቅ ነበር። እንባዬ እስኪወርድ፣ ልጁ ሆዴ ውስጥ እስኪራገጥ ሳቅሁ። እየሳቅሁም ያቅለሸልሸኛል፤ እያቅለሸለሸኝም ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። አውሬው ዛፉ ላይ ወጥቶ ወደ ውሾቹ ሲያገሳ ግን የአዳራሹ ሳቅ ተቆረጠ። ያ ጩኸት ድምፅ ማጉያውን ሰንጥቆት ነበር የሚወጣው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

መጨረሻው እኔ ያልሄድኩበት ነበር። ጦሩ አውሬውን ስቶ የሙዝ ግንድ ወጋ፤ አውሬው ግን ወደቀ። አንጀቱ ተዘረገፈ። ካሜራው ከአንጀቱ ላይ አልነሳ አለ፤ አረንጓዴ ውሃ ሲወጣው፣ ዝንብ ሲሰፍርበት ይታያል። ጥንብ አንሳ ከሰማይ ወርዶ ደረቱ ላይ አረፈና አንድ ጊዜ ጎተተው። የሞተው አውሬ ተነስቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ፊልሙ በዚያው አለቀ፤ ለካ ካሴቱም አልቆ ነበር።

ጓደኛውን ያገኘነው ከአዳራሹ ጀርባ የውሃ በርሜል ላይ ተቀምጦ ነው። ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎታል። ዓይኑ ቀልቷል።

"አቃጥለዋለሁ" አለ። "ሳቁብኝ። ወንድሜ፣ አንተንም አዋረድኩህ።"

ባሌ ምን እንደሚል የማያውቅ ሰው ስለሆነ እኔ ተናገርኩ።

"ስማኝ ወንድሜ። በሕይወቴ እንደዚህ የሚያስጠላ ነገር አይቼ አላውቅም። አንጀቱ፣ ተልባው፣ ያ ዝንብ፤ ዛሬ ራቴን አልበላም።"

"አውቃለሁ እህቴ፣ አውቃለሁ።"

"አልጨረስኩም። ነገ ብታሳየው ነገም እመጣለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ እያሾፍኩበት መስሎት። "ለምን?" አለ።

"እንጃ። ካኮን ልየው። ውሾቹን ልያቸው።"

በዚያ መሃል አዳራሹ ደጃፍ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ይፈልጉት ጀመር። ያላዩት ለማየት፣ ያዩት ዘመዳቸውን ይዘው ለመምጣት ነበር የፈለጉት። ጓደኛው ግን እምቢ አለ። አኩርፎ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣም። በመጨረሻ ባሌ ሄዶ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ካሴቱን ይዘው አብረው መጡ። ከዚያ ወዲያ የከተማው ሰው አላረፈም። ቪዲዮ ቤቶቹ እየተቀባበሉ አሳዩት። ተመልካቹ ሎሚ ይዞ መግባት ለመደ፤ አውሬው ብቅ ሲል ሁሉም ሎሚውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል፤ ልጅቷ ስትያዝ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ "በጌታ ስም፣ ቶሎ በል!" ይላል። ከወይጦ፣ ከአርቦሬ የመጣ እንግዳ ሳይቀር ተይዞ እንዲያየው ይደረግ ነበር። መጥፎነቱ በየሄደበት ይወራል፤ መጥፎነቱን የሰማ ሁሉ ይመጣል። እኔ እስክወልድ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ሁሌም መሀረብ ይዤ ነው የምገባው፤ ሁሌም አንጀቱ ሲዘረገፍ እወጣለሁ፤ ሁሌም ጥንብ አንሳው ሳያመልጠኝ እመለሳለሁ።

ባሌ መጀመሪያ ከኔ ጋር አይገባም ነበር። አንድ ቀን ከቪዲዮ ቤቱ አብረን ስንመለስ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ከብቶቹ መሃል እያቋረጥን ጠየቅኩት።

"ዛፉ ላይ ሆነህ ያን ያህል የጮህከው ፈርተህ ነው?"

"መጀመሪያ ፈርቼ ነበር" አለ። "ከዚያ ግን ውሾቹ ዝም ሲሉ ደስ አለኝ። ደግሜ ጮህኩ። እዚያ ውስጥ ሆነሽ ስትጮኺ ማንም አንቺ ነሽ አይልሽም።"

"ሽታውስ?"

"ሽታውማ…" አለና ፊቱን አጨማደደ። "እኔንም አስመልሶኛል። ላንቺ አልነገርኩሽም እንጂ፣ የአውሬው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያስመለስኩት። እሱኑ ለብሼ ነበር የዋልኩት።"

መንገዱ መሃል ቆምኩ። አጎነበስኩ። እሱ ጀርባዬን እየደገፈ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ መንገር አልነበረብኝም" ይላል፤ እኔ ግን ማስመለስም መሳቅም እኩል መጥተውብኝ አንዱም አልወጣ አለ።

ልጃችን ከተወለደች በኋላ ጓደኛው ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። አሁን የሚበር አውሬ ነው፤ ክንፍ ያለው፤ ከተራራው የሚወርድ። ባሌ ልጅቷን ታቅፎ ነበር። ወደኔ አየ።

"ቆዳ ከሆነ እዚህ ቤት አይገባም" አልኩ።

"ጨርቅ ይሁን እህቴ፤ ጨርቅ!" አለ ጓደኛው እጁን አንስቶ። "አረንጓዴ ጨርቅ። ተልባም የለ። እምላለሁ።"

ጨርቁን ራሴ መረጥኩ፤ ታጥቦ የማይለቅ፣ ወፍራም፣ እንደ ጎመን አረንጓዴ። ክንፉን በሽቦ ወጥሬ ሰፋሁት። ባሌ ለብሶት ጓሮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ምንም አልሸተተኝም፤ ምንም አላስጠላኝም። ጎረቤቶቻችንም አዩና "ቆንጆ ነው" አሉ። ቆንጆ ነው ሲሉ ሦስታችንም እርስ በርስ ተያየን፤ ቆንጆ አውሬ ማን ሊያይ ይመጣል? ጓደኛው ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ሰርግ ሊቀርጽ ሄዶ ወይጦ ወንዝ ላይ ጎርፍ ካሜራውን ወሰደበት። ሌላ ካሜራ እስኪገዛ ዓመታት አለፉ፤ ሲገዛም ስለሚበረው አውሬ ማንም አላነሳም። ክንፉን ፈትቼ ለባሌ ሥራ ቦታ መጋረጃ አደረግኩት። ጥሩ ጨርቅ ነው፤ አሁንም ፀሐይዋን ይከላከላል።